ሞተር ሲወርድ ፋሻ እንዴት ይመረጣል?

ፋሻ (ፒስተኑ ቦይ ውስጥ የሚገባው የብረት ቀለበት) የሚመረጠው ሱቅ ውስጥ አይደለም፤ ሲሊንደሩ ተለክቶ ካለቀ በኋላ ነው። ይሄን የምለው ሞተሩ ገና ሳይፈታ ፋሻና ብሮንዚን ገዝቶ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ስለበዛ ነው። መካኒኩ «ለጊዜው ስታንዳርድ (የፋብሪካውን ልክ) አምጣ፣ ካልሆነ ትቀይረዋለህ» ይላል። ሞተሩ ተፈቶ ስታንዳርዱ የማይሆን ሆኖ ሲገኝ ባለ ሱቁ «የተከፈተ ዕቃ አልመልስም» ይላል፣ ባለ መኪናው ደግሞ ያወጣው ብር እያንገበገበው «በቃ እሱኑ ግጠመው» ይላል፣ መካኒኩም ይገጥመዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ማርሚታው ሰማያዊ ጢስ መትፋት ይጀምራል፣ ሦስቱም እርስ በርስ ይካሰሳሉ።

የምጽፈው በብዛት መንገዳችን ላይ ለሚታዩት ሞተሮች ነው። ለኮሮላና ለቪትዝ ቤንዚን፣ ለሃይሉክስና ለሚኒባስ ናፍጣ። የከባድ መኪናው ትንሽ ስለሚለይ በመሃል እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የፋሻ መሆኑን አረጋግጡ

ዘይት የሚበላ ሞተር ሁሉ ፋሻ ጨርሷል ማለት አይደለም። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጢስ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ሲል ጣጣ ነው፤ ለሱ ተብሎ ፒስተን አይወጣም። ሽቅብ ሲወጣ፣ ጭነት ሲበዛበት፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚብስ ጢስ ግን ወደ ፋሻ ይጠቁማል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን አንሱና መዳፋችሁን ከላይ ያዙበት። ትንሽ ትንፋሽ ምንም አይደለም። መዳፋችሁን ገፋ የሚያደርግ፣ ዘይት የሚረጭ፣ ክዳኑን ዝም ብላችሁ ብታስቀምጡት የሚያስጨፍረው ከሆነ ጋዙ በፋሻው በኩል ወደ ታች እያለፈ ነው።

ቀጥሎ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ይለካል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሞተሩ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። መጽሐፉ 13 ባር የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 10 ገደማ ቢያሳይ አትደንግጡ። «ኮምፕረሽኑ ወርዷል፣ ሞተር ይውረድ» ተብሎ ምንም ያልነበረው ሞተር የተበተነበት ጊዜ አለ። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ሦስቱ 10 ሆነው አንዱ 7 ከሆነ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉና ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ ዘለል ብሎ ከወጣ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ደፍኖታል ማለት ነው። ንቅንቅ ካላለ ቫልቩን ወይም የቴስታታውን (ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነውን ክፍል) ጓርኒሲዮን ፈትሹ። ናፍጣ ሞተር ላይ ዘይቱ በጣም ጥቂት ይሁን፤ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ዘይት ከበዛ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ) እስከማጣመም ይደርሳል።

ሲሊንደሩ ይለካ

ቴስታታው ተነስቶ ፒስተኖቹ ከወጡ በኋላ ሪቦር (የተበላን ሲሊንደር አስፍቶ ማስተካከል) የሚሠራ ወርክሾፕ በቦር ጌጅ (የሲሊንደር ስፋት መለኪያ) ይለካላችኋል። እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ማስለካት ነው፤ አንዱ በሞተሩ ርዝመት፣ ሌላው በወርዱ። የሲሊንደር ግድግዳ እኩል አይበላም። በብዛት የሚበላው የላይኛው ፋሻ ደርሶ ከሚመለስበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። በጥፍራችሁ ከላይ ወደ ታች ስትስቡት አፉ አካባቢ እርከን የሚነካችሁ ለዚህ ነው።

ቦር ጌጅ የሌለበት ከተማ ከሆናችሁ ፋሻው ራሱ መለኪያ ይሆናል። አንድ ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡ፣ ፒስተኑን ገልብጣችሁ በአናቱ ገፋ አድርጉት፣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ። ከላይ፣ እርከኑ ሥር ሲሆን በፊለር ጌጅ (ስስ የክፍተት መለኪያ ብረት) አፉን፣ ማለትም በፋሻው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት፣ ለኩ። ከዚያ ታች፣ ፋሻ ከማይደርስበት አካባቢ አውርዳችሁ ደግማችሁ ለኩ። ልዩነቱን ለ3.14 አካፍሉት። ከላይ 0.90፣ ከታች 0.40 ሚሊሜትር ቢሆን ልዩነቱ 0.50 ነው፤ ሲካፈል 0.16 ይመጣል። ሲሊንደሩ ከላይ በ0.16 ሚሊሜትር ሰፍቷል ማለት ነው። ይሄ ዘዴ ግድግዳው ሞላላ መሆኑን አያሳያችሁም፣ ግን ባዶ እጅ ከመገመት በስንት ጣዕሙ።

ቶዮታ በብዙ የቆዩ ሞተሮቹ መጽሐፍ ላይ መበላቱ ከ0.2 ሚሊሜትር ካነሰ እርከኑ ተላግቶ መቀጠል እንደሚቻል፣ ካለፈ ግን ሪቦር እንደሚያስፈልግ ይጽፋል። እኔ 0.15 ካለፈ ሪቦር ይደረግ የምል ሰው ነኝ፣ በተለይ ለሥራ መኪና። ሞተር ማውረዱ ራሱ የሚያስወጣውን ካወጣችሁ በኋላ ለተበላ ግድግዳ አዲስ ፋሻ መግዛት አጉል ቁጠባ ነው።

ስታንዳርድ ነው፣ 25 ነው፣ 50 ነው?

ሲሊንደሩ ሪቦር ካልተደረገ ስታንዳርድ ነው። በ0.25 ሚሊሜትር ከሰፋ 25፣ በ0.50 ከሰፋ 50፣ እንዲህ እያለ 75ና መቶ ይደርሳል። ፋሻ፣ ፒስተንና ሲሊንደር ሦስቱም አንድ ቁጥር መሆን አለባቸው። ነገሩ ይሄው ነው፣ ግን ስንት ዓይነት ጉድ ይሠራበታል መሰላችሁ።

አንዱ ጉድ፣ ሲሊንደሩ በልቷልና «50 ፋሻ አምጥተን አፉን ሞርደን እንግጠም» የሚባለው ነው። ፋሻው ሲሠራ ክብነቱ የተሰላው በ50 ለሰፋ ሲሊንደር ነው። አፉን ሞርዳችሁ ጠባብ ቦታ ስታስገቡት ክብ መሆኑ ይቀራል፤ ግድግዳውን አንዳንድ ቦታ አጥብቆ ይጫናል፣ አንዳንድ ቦታ አይነካውም። ማመን ያቃተው ሰው ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ ከሥር ባትሪ ያብራና ከላይ ይመልከት። ብርሃን በፋሻውና በግድግዳው መካከል እንደ ክር ቀጥኖ ሲያልፍ ታዩታላችሁ። በዚያ ክር ነው ዘይት የሚወጣው፣ ኮምፕረሽን የሚወርደው። በትክክል የተሠራ ፋሻ አፉ ላይ ካልሆነ በቀር ብርሃን አያሳልፍም።

ተቃራኒውም አለ። በ50 ለሰፋ ሲሊንደር ስታንዳርድ ፋሻ ቢገባ አፉ በ1.57 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ 0.50ን በ3.14 ማባዛት ብቻ ነው። ይሄ የሚሆነው መኪናው ቀድሞ ሪቦር ተደርጎ እያለ ባለቤቱ ሳያውቅ ሲገዛ ነው። ስለዚህ የወጣውን ፒስተን አናት ካርቦኑን አጽዱና አንብቡ፤ 0.50 ወይም 50 የሚል ከተመታበት ሞተሩ ከዚህ በፊት ተከፍቷል። በቆዩት የኮሮላ 4ኤና 5ኤ ሞተሮች ብሎክና ፒስተን ላይ የምታገኟቸው 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ቁጥሮች ግን ሌላ ናቸው፤ በፋብሪካ ስታንዳርዱ ራሱ በጥቂት ማይክሮን የተከፋፈለበት ምልክት እንጂ ሪቦር አይደሉም።

ቪትዝ ላላችሁ ደግሞ «የቪትዝ ፋሻ ስጠኝ» ብላችሁ አትግቡ። ቪትዝ የመኪናው ስም ነው። ውስጡ ያለው 1ኤስዜድ ከሆነ የሲሊንደሩ ስፋት 69 ሚሊሜትር ነው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ 1ኬአር 71፣ 2ኤንዜድ 75። ሊብሬው ላይ ወይም ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። የኤንዜድ ብሎክ አሉሚኒየም ሆኖ ውስጡ ያለው የብረት ካሚቻ (የሲሊንደሩ ግድግዳ የሆነው ቱቦ) በጣም ስስ ስለሆነ ቶዮታ ራሱ ሪቦር እንዲደረግ አላሰበውም። እዚያ ላይ ግድግዳው ከልክ በላይ ከበላ ብሎክ መለወጥን ወይም ጎበዝ ባለሙያ አዲስ ካሚቻ እንዲያስገባ ማድረግን አስቡ፤ ፋሻ ብቻውን አያድነውም።

ስፋት ብቻ አይበቃም

የ3ኤል ናፍጣና የ1ኬዜድ ቱርቦ ናፍጣ ሲሊንደሮች ሁለቱም 96 ሚሊሜትር ናቸው። ይሄን ያወቀ ሰው የአንዱን ለሌላው ሊሸጥላችሁ ይሞክር ይሆናል። ፋሻ ከስፋቱ ሌላ ውፍረት አለው። ሳጥኑ ላይ ሦስት ቁጥሮች ተከታትለው ታገኛላችሁ፣ ለምሳሌ 1.5፣ 1.5፣ 3 የሚል። የመጀመሪያው የላይኛው ፋሻ ውፍረት ነው፣ ሁለተኛው የመሃለኛው፣ ሦስተኛው የዘይት ፋሻው። እነዚህ ከፒስተኑ ቦይ ጋር መግጠም አለባቸው። በናፍጣ ሞተር ደግሞ የላይኛው ፋሻ ጎኑ ዘመም ያለ፣ ወደ ውስጥ የሚቀጥን ሊሆን ይችላል፤ ካርቦን እንዳይዘው ተብሎ የተሠራ ነው፣ በቀጥተኛው አይተካም።

ፒስተኑን የማትለውጡ ከሆነ ቦዩን በደንብ አጽዱ። የተሰበረ አሮጌ ፋሻ ለዚህ ጥሩ መፋቂያ ነው፣ ግን ካርቦኑን እንጂ አሉሚኒየሙን እንዳትፍቁ። የዘይት ፋሻው ቦይ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ክፈቷቸው። ቀዳዳው ከተደፈነ አዲስ ፋሻም ዘይት መመለሻ የለውም። ቀደም ያሉት የቶዮታ 1ዜድዜድ ሞተሮች በዘይት መብላት ስማቸው የጠፋው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፣ ቀዳዳዎቻቸው ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። አሜሪካ ያላችሁ ከ2007 እስከ 2009 የተሠራ ባለ 2.4 ካምሪ የነዳችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ቶዮታ ራሱ ፒስተንና ፋሻ እስከመለወጥ ደርሷል። እንዲህ ባሉት ላይ የተሻሻለውን ፒስተን ሳይገዙ ፋሻ ብቻ መለወጥ ችግሩን በቀጠሮ ማሳደር ነው።

ቦዩ ከጸዳ በኋላ አዲሱን ፋሻ ከጎን ክተቱና በቦዩ ዙሪያ አንከባሉት። ሳይያዝ መዞር አለበት። ከዚያ በፋሻውና በቦዩ ግድግዳ መካከል ፊለር ጌጅ አስገቡ። ለቤንዚን ኮሮላ የላይኛው ከ0.04 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ቢሆን ጤና ነው። 0.15 ከገባ ፒስተኑ አብቅቶለታል፤ ፋሻው ቦዩ ውስጥ እየተንቀጫቀጨ ዘይት ወደ ላይ ይቀዳል፣ ሲብስም ይሰበራል።

ክሮም፣ ሞሊ ወይስ ተራ ብረት?

እዚህ ላይ አቧራ ይወስናል። የላይኛው ፋሻ ፊቱ ክሮም የተለበጠ ሊሆን ይችላል፣ ሞሊብዲነም የተረጨበት ሊሆን ይችላል፣ በናይትሮጅን የጠነከረ ብረት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ምንም ያልተለበጠ ቀልጦ የተሠራ ብረት። ተራው ብረት ርካሽ ነው፣ ከግድግዳው ጋርም ቶሎ ይላመዳል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ሞሊ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ዘይት ይይዛል፣ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ ይላመዳል፤ አስፋልት ለማይለቅ የቤት መኪና በጣም ጥሩ ነው። አቧራ ግን አይወድም። ክሮም ጠንካራ ነው፣ አቧራ አይጎዳውም ባይባልም ከሁሉም ይሻላል፣ ለመላመድ ግን ጊዜ ይወስዳል። ጠጠር መንገድ ለሚሠራ ሃይሉክስ፣ ገጠር ለሚመላለስ ሚኒባስ የላይኛውን ክሮም ግዙ፣ አታመንቱ። እግረ መንገዳችሁን የአየር ፊልትሮውንና የቱቦውን ማሰሪያ እዩ። ፊልትሮው ጎን ቀዳዳ ካለ የቱንም ዓይነት ፋሻ ብትገዙ አንድ ነው።

ከክሮም ጋር አንድ ክልክል አለ። ክሮም ፋሻ ክሮም የተለበጠ ካሚቻ ውስጥ አይገባም፤ ይፋጫሉ፣ ይቧጨራሉ። አንዳንድ የአይሱዙ ናፍጣ ሞተሮች ካሚቻቸው ከፋብሪካ ክሮም ነው፣ እነሱ ሪቦርም ሆኒንግም (ግድግዳውን በድንጋይ መስመር እያወጡ ማሸት) አይደረጉም፤ ሲያልቁ ካሚቻው ይለወጣል። ካሚቻው የሚወጣ ከባድ መኪና ላይ ፒስተን፣ ፋሻና ካሚቻ በአንድ ሳጥን ተሰናድቶ የሚሸጠውን መግዛት ነው የሚያዋጣው። አምራቹ ራሱ አጣጥሞታል።

ሱቅ ስትገቡ

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ከጃፓን የፋሻ ስሞች ብዙ የምትሰሙት ሪከን፣ ቲፒና ኤንፒአር ናቸው። ኤንፒአር ሲባል ከአይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ፋሻው የኒፖን ፒስተን ሪንግ ነው፣ ለኮሮላም ይሠራል። ሪከንና ኒፖን ፒስተን ሪንግ በ2023 በአንድ ኩባንያ ሥር ስለገቡ አዲስ ሳጥን ላይ ሁለቱን ስም አንድ ላይ ብታዩ ፎርጅድ ነው ብላችሁ አትሽሹ።

ፎርጅድ ግን ሞልቷል። ሳጥኑን አትመኑ፣ ብረቱን እዩ። ፋሻው ጫፍ አጠገብ ጥርት ብሎ የተመታ ምልክት ይኖረዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል ወይም ቁጥር፤ የመሃለኛው ላይ ምልክት ከሌለ ተጠራጠሩ፣ ምክንያቱም እሱ ፊቱ ትንሽ ዘመም ያለ ስለሆነ ላይና ታች አለው፣ ተገልብጦ ከተገጠመ ዘይቱን ከመጥረግ ይልቅ ወደ ላይ ያወጣዋል። ምልክቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። የክሮሙ ጠርዝ በጥፍር ሲነካ የሚልጥ ወይም የተቆረጠ ከሆነ መልሱት። የአንድ ሳጥን አራቱን የላይኛ ፋሻዎች ደራርቡና በጎን እዩ፣ ውፍረታቸው እኩል ካልሆነ ለዓይን ይታያል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባለ ሱቁን «ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቼ በብርሃን አይቼ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብሎ አስቀድሞ መነጋገር ነው። በራሱ ዕቃ የሚተማመን ሰው እሺ ይላል።

የአፉ ክፍተት

አዲስ ፋሻ ነው ብላችሁ ሳትለኩ አትግጠሙ። የየሞተሩ መጽሐፍ ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ ለተራ ሞተር የሲሊንደሩን ስፋት በ0.004 አባዙ። 78.7 ሚሊሜትር ለሆነው 5ኤ ሞተር 0.31 ይመጣል፣ 99.5 ለሆነው የ5ኤል ናፍጣ 0.40። ቱርቦ ካለው ሰፋ ይደረጋል። የመሃለኛው ከላይኛው ትንሽ ሰፋ ቢል ጥሩ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚታፈን ጋዝ መውጫ ካጣ የላይኛውን ከመቀመጫው ያነሳዋል። የምትለኩት ሲሊንደሩ ብዙም ባልተበላበት፣ ከታች አካባቢ ነው። ላይ ለክታችሁ ልክ ነው ብትሉ ታች ሲወርድ ይጠባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ሁለቱ ጫፎች ይጋጠሙና ግድግዳውን ይቧጥጣሉ ወይ ፋሻው ይሰበራል። ትንሽ ከሰፋ ጥቂት ኮምፕረሽን ታጣላችሁ፤ ከጠበበ ሞተር ታጣላችሁ።

ከጠበበ አንዱን ጫፍ ብቻ ሞርዱ፣ ሞረዱም ከውጭ ፊቱ ወደ ውስጥ ይሂድ፣ አለዚያ ክሮሙ ይላቀቃል። ናፍጣ ላይ የዘይት ፋሻው ከኋላው ጥምዝ ስፕሪንግ አለው፤ የስፕሪንጉ መገናኛ ከፋሻው አፍ ፊት ለፊት፣ በተቃራኒ በኩል ይሁን።

ግድግዳውና የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች

የገዛችሁት ፋሻ ዓይነት ሆኒንጉን ለሚሠራው ሰው ይነገረው። ለክሮምና ለተራ ብረት ከ220 እስከ 280 ቁጥር ድንጋይ፣ ለሞሊ ደቀቅ ያለ፣ ከ280 እስከ 400። መስመሮቹ እየተጠላለፉ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን መሥራት አለባቸው። ከዚያ ሲሊንደሩ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ይታጠብ። ቤንዚንና ናፍጣ ብቻውን የድንጋዩን ብናኝ አያወጣውም። በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ እንደገና ይታጠብ፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። እንዳይዝግ ወዲያው ዘይት ቀቡት።

ከተነሳ በኋላ ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አታቁሙት። ፋሻ ከግድግዳው ጋር የሚላመደው ጭነት ሲያገኝ ነው። ጥሩ ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉና ፍጥነት ጨምሩ፣ እግራችሁን አንሱ፣ እንደገና ጨምሩ፤ ሙቀቱንም ዓይናችሁ አይልቀቀው። ሲንተቲክ ሳይሆን ተራ ሚኒራል ዘይት ይሁን፣ 1000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከነፊልትሮው ይለወጥ። ክሮም ከገጠማችሁ ከዚያ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ዘይት ሊቀንስ ይችላል፣ ስለዚህ የዘይት ዱላውን ቶሎ ቶሎ እዩ። የፋሻውን ሳጥን ሳትጥሉ ደግሞ የዕቃ ቁጥሩንና ልኩን ፎቶ አንሱ፤ 50 ገብቶ ከሆነ ኪሎ ሜትሩን ጨምራችሁ ከመኪናው ወረቀት ጋር አኑሩት፣ ቀጥሎ ሞተሩን የሚፈታው ሰው ይፈልገዋል።